ፈሳሽ በፖስታ ስትልኩ፦ ይፈሳል ብላችሁ እሸጉ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእህቴ አንድ ካርቶን ላክሁላት። ውስጡ አንድ ጠርሙስ የፀጉር ቅባት፣ ሁለት መጻሕፍትና የእናታችን የወጣትነት ፎቶዎች ያሉበት አልበም ነበር። ጠርሙሱን በወፍራም ፎጣ ጠቀለልኩት። ካርቶኑን ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። ጭንቀቴ ሁሉ ጠርሙሱ እንዳይሰበር ነበር።

አልተሰበረም። እህቴ ስትከፍተው ጠርሙሱ ደህና ነበር፤ ክዳኑም ቦታው ላይ ነበር። ግን ግማሽ ዙር ያህል ላልቷል። ቅባቱ በዚያች ቀዳዳ ቀስ እያለ ወጥቶ ፎጣውን አለፈ፣ መጻሕፍቱን አራሰ፣ አልበሙ ውስጥ ገባ። አራት ፎቶዎች ከገጹ ጋር ተጣብቀው ነበር። ሊያላቅቋቸው ሲሞከር ፊታቸው ተላጠ። መጽሐፍ ሌላ ይገዛል። እነዚያን ፎቶዎች ግን የሚመልሳቸው የለም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አጥብቄ ያዝኩት። አነበብኩ፣ ሞከርኩ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ጠየቅኩ። የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ ፈሳሽ ስንልክ ሁላችንም የምንጠይቀው «እንዳይፈስ ምን ላድርግ?» ብለን ነው። ባለሙያዎቹ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ። «ቢፈስስ የት ይቀራል?» ይላሉ። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ የመለሰ ጥቅል፣ ጠርሙሱ ቢሰበርም ማንንም አይጎዳም።

ዝግ ጠርሙስ ለምን ያፈሳል?

መደርደሪያ ላይ ወር ሙሉ ቆሞ ጠብ ያላለ ጠርሙስ፣ ሦስት ቀን መንገድ ላይ ሲሆን ያፈሳል። ምክንያቱ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ንዝረት አለ። መኪና ላይ የተጫነ ጥቅል ለሰዓታት ይንቀጠቀጣል። በመዞር የሚዘጋ ክዳን አልላላም ብሎ የሚይዘው የክዳኑ ጥርስ ከጠርሙሱ ጥርስ ጋር ያለው ሰበቃ ነው። መንቀጥቀጡ ያንን ሰበቃ ጥቂት በጥቂት ያሸንፈዋል። ክዳኑ በዓይን የማይታይ ያህል ይዞራል፣ እንደገና ይዞራል። የእኔም ጠርሙስ የደረሰበት ይኸው ነው።

ቀጥሎ ሙቀት ይመጣል። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሰፋበት መጠን ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል። ዘይት ከሆነ 20 ገደማ ነው። አልኮል ከሆነ ከ30 ይበልጣል፤ ይህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ማለት ነው። ጠርሙሱ እስከ አፉ ከተሞላ ያ ትርፍ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ፈሳሽ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም። ወይ በክዳኑ ሥር ተጋፍቶ ይወጣል፣ ወይ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ውስጡ ምን ያህል እንደሚግል የሚያውቅ ሰው፣ 50 ዲግሪ ብዙ ነው አይለኝም። ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል።

ስለዚህ ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። አደገኛ ፈሳሾችን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ፣ ዕቃው በ55 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ጢም ብሎ መሙላት የለበትም ይላል። እኔ ለማንኛውም ፈሳሽ፣ አደገኛ ሆነም አልሆነም፣ ከአሥር አንዱን እጅ ባዶ እተዋለሁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ የአየር ግፊት። ጥቅሉ በአውሮፕላን ከሄደ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ከጠርሙሱ ውጭ ያለው ግፊት ይቀንሳል። በትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው ግፊት 2,400 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የነበረው ወደ 75 ይወርዳል ማለት ነው። በባሕር ጠለል ላይ የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው አየር ግን አሁንም በ101 ይገፋል። ቁጥሩን ወደ እጃችን እናምጣው። ክዳኑ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ሁለት ኪሎ ገደማ ክብደት ያህላል። ጠርሙሱ በዚያች ሰዓት ተዘቅዝቆ ከሆነ፣ አየሩ ከኋላ ሆኖ ፈሳሹን ወደ ክዳኑ ይገፋዋል። አውሮፕላን ውስጥ ጠጥታችሁ የዘጋችሁት የውኃ ፕላስቲክ፣ ስታርፉ ጭምድድ ብሎ አይታችሁት ይሆናል። ነገሩ ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል።

የመጨረሻው የፈሳሹ የራሱ ጠባይ ነው። ውኃ ተጣብቆ ጠብታ መሥራት ይወዳል፤ ጠባብ ስንጥቅ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል። አልኮል ግን የገጽ ውጥረቱ የውኃን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ውኃ በማያልፍበት ስንጥቅ ሾልኮ ይሄዳል። ዘይትም ቀጭን ሆኖ በጥርሱ ላይ እየተሳበ ይወጣል። «በውኃ ሞክሬው አላፈሰሰም» ብሎ ዘይት መሙላት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙከራው የሚላከው ፈሳሽ ራሱ ገብቶ መሆን አለበት።

ሦስት ግድግዳ

ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት በ1874 እ.ኤ.አ. በበርን ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ አገሮች ፖስታ የሚለዋወጡት በጋራ ደንብ ነው። ስለ ፈሳሽ ያለው ደንብ ሲጠቃለል ቀላል ነው። ፈሳሹ ፈጽሞ የማያፈስ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ያ ዕቃ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። በመካከላቸው፣ ዕቃው ቢሰበር ፈሳሹን መምጠጥ የሚችል በቂ ነገር ይኑር። የሕክምና ናሙና የሚልኩ ላቦራቶሪዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፤ እነሱ በመካከሉ የማያፈስ ሁለተኛ ዕቃ ይጨምራሉ። እኛም ቤት ውስጥ የእነሱን መንገድ መከተል እንችላለን፦ ጠርሙስ፣ መምጠጫ፣ የማያፈስ ከረጢት፣ ጠንካራ ካርቶን።

ከጠርሙሱ እንጀምር። ከቻላችሁ የብርጭቆውን ተዉትና ጠንካራ ፕላስቲክ ምረጡ። ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። 2 እና 5 ቁጥር ያላቸው አብዛኞቹን ፈሳሾች ይችላሉ። 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው፤ አንዳንድ ከዕፅዋት የሚጨመቁ ጠንካራ ሽታ ያላቸው ዘይቶች ያለሰልሱታል። በጣም ስስ የሆነ፣ ሲጫኑት ኩርምት የሚል ፕላስቲክ ደግሞ በየትኛውም ቁጥር አላምነውም።

ክዳኑ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። የኔ የዛሬ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጠርሙሱን አፍና ጥርስ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። እዚያ ላይ የቀረች አንዲት የዘይት ጠብታ ክዳኑን ታንሸራትታለች፤ በኋላ የሚለጠፈውም ፕላስተር አይዝም። ከዚያ ስስ ፕላስቲክ በሁለት አጥፌ አፉ ላይ እዘረጋና ክዳኑን በላዩ እዘጋለሁ። ጠርሙሱ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ከመዝጋቴ በፊት ሆዱን በትንሹ ጫን አደርገዋለሁ። ጥቂት አየር ይወጣና ጠርሙሱ ትንሽ ይጎደጉዳል። አውሮፕላን ላይ ውስጡ ያለው አየር ሲሰፋ፣ ክዳኑን ከመግፋቱ በፊት ያንን ጉድጓድ ይሞላል። የብርጭቆ ጠርሙስ ይህን ዕድል አይሰጥም።

ከዚያ ናስትሮ አነሳለሁ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበትን። የሚለጠጥ ስለሆነ ክዳኑን አንቆ ይይዛል። አቅጣጫው ግን ወሳኝ ነው። ናስትሮውን ክዳኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ማለትም ከላይ ሲያዩት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዙር፣ እየሳባችሁ ጠቅልሉት። በዚህ አቅጣጫ ሲሳብ ክዳኑን ያጠብቀዋል። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁት ግን በገዛ እጃችሁ እየከፈታችሁት ነው። ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ አንገቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ሦስት ዙር ይበቃል።

የሚጫን አፍ ያለው የሎሽን ጠርሙስ ወይም የሚረጭ ከሆነ በፕላስተር ለማሰር አትድከሙ። ያን አፍ ፍቱትና ደፋኑን ክዳን ግጠሙበት። የሚጫነውን ለብቻው በከረጢት አብራችሁ ላኩት። መንገድ ላይ አንድ ከባድ ዕቃ ከተጫነው ጠርሙሱን ሊጨርሰው ይችላል።

አረፋ የሚሠራ ወይም ገና እየፈላ ያለ ፈሳሽ ደግሞ የትኛውም ክዳን አይበቃውም። ጋዙ መንገድ ላይ መጠራቀሙን አያቆምም። አትላኩት።

መምጠጫው

ብዙ ሰው ጠርሙሱን በአረፋማ ፕላስቲክ ጠቅልሎ «ጨረስኩ» ይላል። አረፋማው ፕላስቲክ ከምት ይከላከላል እንጂ ጠብታ አይመጥም። እንዲያውም ፈሳሹን አንሸራትቶ ወደ ታች ያወርደዋል። ከጠርሙሱ አጠገብ የሚመጥ ነገር ያስፈልጋል። መጠኑም ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በሙሉ የሚችል መሆን አለበት። ግማሽ ሊትር ልካችሁ ሁለት ሶፍት ብታደርጉበት ልፋት ብቻ ነው።

ውኃማ ለሆነ ነገር፣ ለሻምፑ ወይም ለፈሳሽ ሳሙና፣ ከሕፃን ዳይፐር የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በውስጡ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። ውኃ ሲነካው ያብጥና እንደ ጄል ይሆናል፤ ቢጨመቅም በቀላሉ አይለቅም። አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስሱበትና በእጃችሁ ጫኑት፤ ትገረማላችሁ። ዘይት ሲሆን ግን ዱቄቱ አይሠራም። ለዘይት ጥጥ፣ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ የተጨማደደ ጋዜጣ ወይም ሰጋቱራ ይሻላል።

መምጠጫው ከፈሳሹ ጋር መስማማት አለበት የሚለው ነገር ተራ ምክር አይደለም። በኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከኒው ዮርክ ወደ ስኮትላንድ የተነሳ፣ ፓን አም የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የነበረ ጭነት አውሮፕላን ናይትሪክ አሲድ የያዙ ጠርሙሶች ጭኖ ነበር። ጠርሙሶቹ ዙሪያቸው የታጨቀው በሰጋቱራ ነበር። ናይትሪክ አሲድ ሰጋቱራን ሲነካ ይግልና ሊያቀጣጥለው ይችላል። አውሮፕላኑ ብዙም ሳይሄድ የአብራሪዎቹ ክፍል በጭስ ተሞላ። ወደ ቦስተን ዞረው ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፉ ሲሉ አውሮፕላኑ ተከሰከሰና ሦስቱም ሠራተኞች ሞቱ። የጭሱን መነሻ መቶ በመቶ ማረጋገጥ ባይቻልም፣ መርማሪዎቹ ያመኑት በአግባቡ ሳይታሸግና ሳይጫን የሄደው አሲድ ፈስሶ ከሰጋቱራው ጋር በመገናኘቱ እንደተጀመረ ነው። ለአሲዱ የማይቃጠል መምጠጫ መጠቀም ይቻል ነበር። እኔ የዚያን አደጋ ታሪክ ሳነብ የቆየሁት ሰጋቱራው ላይ ነው። አንድ ሰው የሆነ መጋዘን ውስጥ ሆኖ እጁ ላይ ያለውን ነገር ጨመረበት። ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ማንም አልነገረውም ይሆናል።

ጠርሙሱ በመምጠጫ ከተጠቀለለ በኋላ ወፍራም፣ ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል። አየሩን አስወጡና ዝጉት። ከዚያ በሁለተኛ ከረጢት፣ የመጀመሪያው አፍ ወደ ሁለተኛው ታች እንዲሆን ገልብጣችሁ ጨምሩት። ተራ ፌስታል አትመኑ፤ ቋጠሮው ያፈሳል፣ ቀጭን ስለሆነም ቶሎ ይቀደዳል። ብዙ ጠርሙስ ካላችሁ እያንዳንዱ የራሱ ከረጢት ይኑረው። አንዱ ቢያፈስ የሌሎቹ ወረቀትና ምልክት ይተርፋል፤ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ተነካክተውም አይሰበሩም።

ካርቶኑ

ካርቶኑ አዲስ ቢሆን እመርጣለሁ። አንዴ የተጓዘ ካርቶን ማዕዘኑ ይደክማል፤ እርጥበት የነካው ደግሞ ደረቅ ቢመስልም ጉልበቱ ሄዷል። ለከባድ ፈሳሽ ባለ ሁለት ድርቡን ያዙ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ መሆኑን አትርሱ። ከጠርሙሱ እስከ ካርቶኑ ግድግዳ በስድስቱም በኩል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሞላ ነገር ይኑር። ሰው ዙሪያውን ሞልቶ ከሥር ይረሳል፤ ጥቅል ደግሞ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሥሩ ወይም በማዕዘኑ ነው። አጥብቆ የተጨማደደ ወረቀት ጥሩ ነው። ትንንሾቹ የፎም ፍሬዎች ግን ከባድ ጠርሙስ በመካከላቸው ቀስ እያለ ይሰምጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከስታርች የተሠሩ ናቸው፤ ውኃ ሲነካቸው ይሟሟሉ። ጣታችሁን አርጥባችሁ ንኳቸው፤ ከተጣበቁ እነሱ ናቸው።

የካርቶኑን መጋጠሚያ ከላይም ከታችም መሐሉንና ሁለቱን ጠርዞች በሰፊ ፕላስተር ዝጉ። በሁለት ተቃራኒ ጎኖቹ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አድርጉ። «ፈሳሽ» ብላችሁም ጻፉ። ቀስቱ ይጠቅማል፤ ግን ማሽን ማንበብ አይችልም። በመለያ ጣቢያዎች ጥቅል በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ይሄዳል፣ ይንሸራተታል፣ ይገለበጣል። ስለዚህ ቀስቱ እንደማይከበር ቆጥራችሁ ነው ማሸግ ያለባችሁ።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ሌሊት ስጡት። ጠርሙሱን ክዳኑን አስራችሁ፣ ገና ሳይጠቀለል፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ በጎኑ አስተኙትና እደሩ። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የቅባት ቀለበት ካለ ክዳኑ አይሆንም፤ ሌላ ጠርሙስ ፈልጉ። ካርቶኑ ከታሸገ በኋላ ደግሞ ጆሮአችሁ አጠገብ ይዛችሁ አወዛውዙት። አንዳች ነገር ከተንቀሳቀሰ ክፈቱና ጨምሩበት። አደገኛ ፈሳሽ የሚይዙ ማሸጊያዎች እንደ አደጋው መጠን ከ0.8፣ ከ1.2 ወይም ከ1.8 ሜትር ከፍታ ተጥለው ይፈተናሉ። የናንተን ወርውሩት አልልም። ግን አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከደረቴ ከፍታ በማዕዘኑ ቢወድቅ እደነግጣለሁ? ከደነገጣችሁ አልጨረሳችሁም።

ጨርሶ የማይላከው

ጥሩ ማሸጊያ የማይፈታው ነገር አለ። በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሊቀጣጠል የሚችል ተን የሚሰጥ ፈሳሽ በመጓጓዣ ደንብ ተቀጣጣይ ይባላል። ቤንዚንና ቲነር እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም፣ አሴቶንና አልኮል ያለበት ሳኒታይዘርም እዚሁ እንደሚመደቡ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው፤ ቤታችን ውስጥ ባለው ተራ ሙቀት እንኳ ተኑ እሳት ይይዛል። በዓለም አቀፍ ፖስታ እነዚህ ክልክል ናቸው። በአገር ውስጥ መንገድ አንዳንድ አጓጓዦች በተወሰነ መጠን ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ከማሸጋችሁ በፊት መጠየቅ ነው። የባትሪ አሲድና በረኪና የሚበሉ ፈሳሾች ናቸው። ባዜቃም እንደዚያው ይቆጠራል፤ አሉሚኒየምን ይበላል፣ አውሮፕላን ደግሞ በብዛት አሉሚኒየም ነው።

«ከ100 ሚሊ ሊትር ካላለፈ ይቻላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ነገር ተደባልቆበታል። ያ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ተሳፋሪ በእጁ ይዞ አውሮፕላን ውስጥ ለሚገባው ዕቃ ነው። ፖስታን አይመለከትም። 30 ሚሊ ሊትር ሽቶም ያው ሽቶ ነው።

ወደ ውጭ አገር ስትልኩ የጉምሩክ ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ሲኤን 22 ወይም ሲኤን 23 ይባላል። «ስጦታ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ጻፉ፦ «የፀጉር ቅባት፣ አልኮል የሌለበት፣ 250 ሚሊ ሊትር»። የሚከለከል መስሏችሁ ስሙን አትቀይሩት። ጥቅሉን የሚያነሳው ሰው ሲያፈስ ቢያገኘው፣ እጁን የነካው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። ስታሽጉ ደግሞ በየደረጃው ፎቶ አንሱ። ካሣ ጠይቃችሁ «አስተሻሸጉ ጉድለት ነበረው» ብትባሉ የምታሳዩት ይኖራችኋል።

ለእህቴ ባለፈው ወር እንደገና ቅባት ላክሁላት። መጽሐፍም ፎቶም አብሮት የለም፤ እነሱ በሌላ ጥቅል ሄዱ። ከካርቶኑ ውስጥ ከላይ አንድ ወረቀት አድርጌላታለሁ፦ «ከረጢቱን መታጠቢያው ላይ አድርገሽ ክፈቺው። ናስትሮውን ከመፍታትሽ በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርገሽ አቁሚውና ትንሽ ጠብቂ፤ ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብለሽ ክፈቺ።» ደውላ፣ ክዳኑ ሲከፈት «ሽስስ» የሚል ትንሽ የአየር ድምፅ እንደሰማች ነገረችኝ። ዳር ዳሩን የጠቀለልኩት ጥጥ ደረቅ ነበር።